ወደ ናሚቢያ ከመነሳታችሁ በፊት፦ ስለ በረሃዋ የምንሳሳትባቸው ነገሮችና እውነታው

ናሚቢያ ልሄድ ነው ያለ ሰው ከወዳጅ ዘመድ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው። «እዚያ በረሃ ምን አለህ?» «ውሃ በብዛት ያዝ።» «ከአውሬ ተጠንቀቅ።» ምክሩ የመጣው ከፍቅር ነው። ነገር ግን እዚያ አገር ብዙ ጎብኚ የሚጎዳው በውሃ ጥምም በአንበሳም አይደለም። «በረሃ» የሚለው ቃል በልባችን የቆየ ሥዕል ይዞ ስለሚመጣ የማያስፈራውን እያስፈራን፣ የሚያስፈራውን ያስረሳናል። ደጋግሜ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በረሃ ስለሆነ ሙቀቱ አይቻልም»

እኛ በረሃ ሲባል ዳሎልና አዋሽ ናቸው የሚመጡብን። የናሚቢያው በረሃ ናሚብ ግን የቀዝቃዛ ባሕር ጎረቤት ነው። ቤንጌላ የሚባለው ብርዳማ የአትላንቲክ ጅረት ከደቡብ ወደ ሰሜን የባሕሩን ዳርቻ ታክኮ ያልፋል፤ በላዩ ያለውን አየር ስለሚያቀዘቅዘው ዝናብ ሆኖ የሚወርድ ደመና አይወጣም፤ የሚወጣው ጉም ነው። ማለትም አገሩን በረሃ ያደረገው ሙቀት ሳይሆን ብርድ ነው ማለት ይቻላል። ስዋኮፕሙንድ ከተማ ጠዋት የደረሰ ሰው ባሕሩም አሸዋውም በጉም ተሸፍኖ ያገኘዋል፤ ቲሸርት ብቻ ይዞ ከመጣ ጃኬት ፍለጋ ይወጣል።

በዚያ ጉም የሚኖር ፍጥረት አለ። አንዲት ጥቁር ጢንዚዛ ሌሊቱን የአሸዋ ክምር ጫፍ ላይ ወጥታ ራሷን ዝቅ፣ ጀርባዋን ከፍ አድርጋ ትቆማለች። ጉሙ ጀርባዋ ላይ ጤዛ ይሆንና ተንከባልሎ አፏ ይገባል። ቬልቪቺያ የሚባለው ተክል ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ቅጠል ብቻ ነው ያለው። ቅጠሎቹ በንፋስ እየተተለተሉ ማደጋቸውን አያቆሙም፤ ከሺህ ዓመት በላይ የኖሩ አሉ። ከናሚቢያና ከአንጎላ ውጪ በተፈጥሮ የሚበቅልበት አገር የለም።

ከባሕሩ ርቃችሁ ወደ መሀል አገር ስትገቡ ደጋ ነው። ዋና ከተማዋ ዊንድሁክ 1,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ቦታ አለ፤ በድንኳን የሚያድር ሰው ጥሩ ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል። ሙቀቱስ? በታኅሣሥና በጥር የቀይ አሸዋ ተራሮቹ ባሉበት በሶሱስፍሌይ አካባቢ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ልብስ ያዙ።

«አገሩ ሁሉ አሸዋ ነው»

አይደለም። ፎቶ ላይ የምናየው ቀይ የአሸዋ ተራራ የምዕራቡ ጠረፍ ነው። ምሥራቁ ካላሃሪ ሣርና ግራር ያለው ደረቅ ሜዳ ነው። ሰሜኑ ማሽላ መሰል እህል የሚዘራበት የኦቫምቦ ገበሬ አገር ሲሆን ከሕዝቡ የሚበዛው የሚኖረውም እዚያ ነው። ዛምቤዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ክልል ደግሞ ኩዋንዶና ዛምቤዚ ወንዞች የሚያጠጡት፣ ጉማሬና አዞ የሞላበት ልምላሜ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ለወባ መድኃኒት ሐኪሙን ያማክር።

«ቅርብ ነው፣ በአንድ ቀን ደርሰን እንመለሳለን» እና «ዋናው አደጋ አውሬ ነው»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ነፍስ ያለበት ጉዳይ ነውና።

ናሚቢያ ከ820 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አላት፤ የኢትዮጵያን ሦስት አራተኛ ማለት ነው። በ2023 ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ ግን 3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከከተማ ወደ ከተማ ሦስት መቶና አራት መቶ ኪሎ ሜትር ተራ ነገር ነው፤ በመሀል መንደር የለም፣ ሻይ ቤት የለም፣ ጎሚስታ የለም። ከዊንድሁክ ወደ ሶሱስፍሌይ መግቢያ ወደ ሰስሪየም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን አብዛኛው ፒስታ ነው። ካርታው ላይ ያየነውን ኪሎ ሜትር በአስፋልት ፍጥነት አካፍለን ሰዓት ካሰላን ከመነሻው ተሳስተናል።

ፒስታው ደግሞ ይዋሻል። ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ባዶ ነው፣ በደንብ የተጠረገም ይመስላል። ሕጉ በፒስታ ላይ በሰዓት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል። መኪና አከራዮች ግን ብዙዎቹ ውላቸው ላይ 80 ይላሉ፤ እኔም ከ80 አትለፉ እላለሁ። በ100 ስትሄዱ ጎማው መሬት የያዘ ይመስላችኋል እንጂ ልቅ ጠጠር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሄደው። ትንሽ ኩርባ ወይም የአሸዋ ክምችት ሲገጥመው የኋላው ይወናጨፋል። የደነገጠ ሾፌር ፍሬን ይረግጣል፣ መሪውን በኃይል ወደ ሌላው ጎን ይመልሳል፤ መኪናው የሚገለበጠው ያኔ ነው። በዚያ አገር ጎብኚ ላይ የሚደርሰው ከባድ አደጋ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ግጭት የለም፣ ሌላ መኪና የለም፣ ብቻውን ተገልብጦ ይገኛል።

እኔም የኋላው ጎማ ሲያመልጠኝ ምን እንደሚሰማ አውቀዋለሁ። ያዳነኝ አስቀድሞ የተነገረኝ ምክር ነው፦ እግርህን ከነዳጁ አንሳ፣ ፍሬን አትንካ፣ መሪውን ሳትጨብጥም ሳትለቅም ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ መኪናው ራሱ ይረጋጋል። ይህን መኪና ከመረከባችሁ በፊት በልባችሁ ደጋግሙት።

ሌሎቹን ባጭሩ ልበል። ለፒስታ የጎማ ንፋስ ይቀነሳል፤ ስንት መሆን እንዳለበት መኪናውን ስትረከቡ ጠይቁ። ሁለት ስኮርታ እንዲሰጣችሁ ለምኑ፣ ክሪኩ መሥራቱን እዚያው አስነስታችሁ እዩ። ከፊት መኪና ሲመጣ ፍጥነት ቀንሱ፤ ጠጠሩ መስታወት ይሰብራል፣ አቧራውም ለጥቂት ሰከንድ ዓይን ያሳጣል። ነዳጅ ባገኛችሁበት ሁሉ ሰልባትዮውን ሙሉ፤ ግማሽ አለኝ አይባልም። ሶሊቴር የምትባል፣ ማደያና ዳቦ ቤት ያላት ትንሽ መቆሚያ አለች፤ ከእሷ ወደ ዋልቪስ ቤይ ስትሄዱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሌላ ማደያ የለም።

እንግዲህ አውሬውም በዚህ በኩል ነው የሚመጣው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ኩዱ የሚባለው ትልቅ አጋዘን፣ ኦሪክስና ከርከሮ መንገድ ላይ ይወጣሉ። ኩዱ በመብራት ሲደነግጥ ይዘላል፤ ዘሎ የሚያርፈውም የፊት መስታወት ላይ ነው። ብዙ የኪራይ ውሎች ከከተማ ውጪ በሌሊት የደረሰን ጉዳት ኢንሹራንሱ አይሸፍንም ይላሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማደሪያችሁ ግቡ።

ለእኛ አገር ሾፌር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ እዚያ የሚነዳው በግራ ነው። ከተማ ውስጥ ሌሎቹን እያየ ሰው አይሳሳትም። የሚሳሳተው ባዶ መንገድ ላይ ነው፦ ፎቶ ለማንሳት ቆሞ፣ ተመልሶ ሲገባ እጁ የለመደውን ቀኙን ይዞ ይነሳል። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ከእያንዳንዱ እረፍት በኋላ «ግራ!» ብሎ ማስታወስ ሥራው ይሁን።

«ፎር ዊል ከሌለ አይሞከርም»

ዋና ዋናዎቹን ቦታዎች፣ የዱር እንስሳት ፓርኩን ኤቶሻንም ጨምሮ፣ በተራ መኪና ማየት ይቻላል። ከሰስሪየም በር ወደ ሶሱስፍሌይ የሚወስደው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ ፎር ዊል የሚጠይቀው የመጨረሻው 5 ኪሎ ሜትር አሸዋ ብቻ ነው፣ እሱንም የሚያመላልሱ መኪናዎች አሉ። ፒስታው ላይ ከፍ ያለ መኪና እንደሚመች አልክድም። ነገር ግን ፎር ዊል የያዘ ሰው ደፋር ይሆናል፣ ድፍረቱም ወደ ፍጥነት ይሄዳል።

እዚያ ከደረሳችሁ ዴድፍሌይ የሚባለውን ነጭ የሸክላ ሜዳ በማለዳ እዩት። የቆሙት የግራር ዛፎች ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመታት አልፏቸዋል፤ አየሩ ከድርቀቱ ብዛት አያበሰብሳቸውም። አትደገፉባቸው፣ አትውጡባቸው።

«የቧንቧ ውሃ አይጠጣም»

የዊንድሁክ ውሃ ታሪክ ለእኔ ከአሸዋው ይበልጥ ያስደንቀኛል። በናሚቢያ ዓመቱን ሙሉ የሚፈሱት ወንዞች ድንበር ላይ ያሉት ናቸው፤ ዋና ከተማዋ ከሁሉም ሩቅ ናት። በ1968 ከተማዋ ከቤት የወጣ ፍሳሽ ቆሻሻ ውሃን አጣርታ በቀጥታ ወደ መጠጥ ውሃ መመለስ ጀመረች። በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። በ2002 ጎሬአንጋብ ላይ አዲስ ማጣሪያ ተከፈተ፤ ከከተማዋ ውሃ ሩብ ያህሉ የሚገኘው ከዚህ ነው። ከቧንቧው ጠጡ። መንገድ ስትወጡ ግን ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር መኪናው ውስጥ ይኑር፤ ጎማ ፈንድቶ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ሊኖር ይችላልና።

«ደረቅ ወንዝ ጥሩ የድንኳን ቦታ ነው»

አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ጥላም አለ፤ ሰው ቢጎመጅ አይፈረድበትም። ድሬዳዋን የሚያውቅ ግን ይገባዋል። ደቻቱ ዓመቱን አሸዋ ሆኖ ከርሞ፣ ዝናቡ ሩቅ ደጋ ላይ ዘንቦ፣ በ2006 ነሐሴ ሌሊት ምን እንዳደረገ አንረሳውም። የናሚቢያ ደረቅ ወንዞችም ሰማዩ ጠርቶ እያለ ነው የሚሞሉት። በተጨማሪ በኩኔኔ ክልል እነዚህ ወንዞች የበረሃ ዝሆኖች መንገድ ናቸው። ዝሆንና ጥቁር አውራሪስ ከፓርክ አጥር ውጪ ከሰው ጋር የሚኖሩበት አገር ነው፤ በ1996 የወጣ ሕግ የገጠር ማኅበረሰቦች በአካባቢያቸው ያለውን የዱር እንስሳ ራሳቸው እንዲያስተዳድሩና ገቢውን እንዲካፈሉ አድርጓል።

በኤቶሻ ግን እንስሳ ለማየት መሯሯጥ አያስፈልግም። በደረቁ ወራት ኦካኩዌዮ ሠፈር አጠገብ ያለው ውሃ ጉድጓድ ሌሊት በመብራት ይበራል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አውራሪስ ሲጠጣ ያያል።

«ባዶ አገር ነው»

በጣም የሚያሳዝነኝ ስህተት ይህ ነው። ከዊንድሁክ በስተምሥራቅ ያለው ደረቅ አገር ኦማሄኬ ይባላል። በ1904 ሄሬሮ የሚባሉት የአገሬው ሰዎች በጀርመን ቅኝ ገዥዎች ላይ ተነሱ፤ ዋተርበርግ ላይ ከተሸነፉ በኋላ ወደ ኦማሄኬ ተገፉ። ጄኔራል ሎታር ፎን ትሮታ በጥቅምት ወር በግዛቱ ውስጥ የተገኘ ሄሬሮ ሁሉ እንዲተኮስበት አዋጅ አወጣ፤ ወታደሮቹ የውሃ ጉድጓዶቹን ዘጉ። ሰዉ፣ ልጁ፣ ከብቱ በጥም አለቀ። ናማዎችም ቀጥሎ ተነስተው ተመሳሳይ ዕጣ ገጠማቸው። በሉደሪትስ ወደብ ባለችው የሻርክ ደሴት በተሠራው የእስረኞች ካምፕ ብዙዎች በብርድ፣ በረሃብና በሥራ ብዛት ሞቱ። እስከ 1908 ድረስ የሞቱት በብዙ አሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ጀርመን የዘር ማጥፋት መሆኑን በይፋ ያመነችው በግንቦት 2021 ነው፤ የቀረበውን ስምምነት ብዙ የሄሬሮና የናማ ተወካዮች በድርድሩ አልተወከልንም ብለው አልተቀበሉትም። ሻርክ ደሴት ላይ ጎብኚዎች ድንኳን ሲተክሉ ኖረዋል። እዚያ የምትሄዱ ከሆነ የምትረግጡት ምን እንደሆነ አውቃችሁ ሂዱ።

በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ እኛም አለንበት፣ ብዙዎቻችን ግን አናውቀውም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግዛቱ በሞግዚትነት ለደቡብ አፍሪካ ተሰጠ፤ እሷም አፓርታይድን ዘረጋችበት። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባላት ስለነበሩ በ1960 ደቡብ አፍሪካን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክርክሩ ስድስት ዓመት ወሰደ። በሐምሌ 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ መብት የላቸውም ተብሎ ክሱ ተዘጋ። ቁጣው ትልቅ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ለነፃነት የሚታገለው ድርጅት የስዋፖ ታጋዮች በኦሙጉሉግዎምባሼ የትጥቅ ትግሉን ጀመሩ፤ በጥቅምት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት አነሳ። ነፃነት የመጣው መጋቢት 1990 ነው። ፍርድ ቤት የቆሙልን ሰዎች ሥራ በአዲስ አበባም በዊንድሁክም ቢታወስ ደስ ይለኛል።

«የሂምባ ሴቶች ለፎቶ ነው ያሉት»

ሰውነታቸውን የሚቀቡት ቀይ ነገር ኦትጂዜ ይባላል፤ ቀይ አፈርና ቅቤ ነው፣ ውበትም የፀሐይ መከላከያም ነው። የሐመር እህቶቻችንን ያየ ሰው አይገርመውም። ሂምባዎች ከብት አርቢዎች ናቸው። በ1990ዎቹ በኩኔኔ ወንዝ ኤፑፓ ላይ ሊገነባ የታሰበውን ግድብ የአባቶቻችንን መቃብርና ግጦሻችንን ያሰጥማል ብለው ተቃውመው ድምፃቸውን ለዓለም አሰምተዋል። ቋንቋቸውን የሚናገር የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ትታችሁ ግቡ፣ መጀመሪያ «ሞሮ» በሉ፤ ሰላምታቸው ነው። ከብቶቹ ደህና መሆናቸውን ጠይቁ፣ የሚሸጡትን አምባር እዩ። ፎቶውን ከዚያ በኋላ፣ ከፈቀዱ።