እስክነግርህ ድረስ በዚያ ተቀመጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ለቁስቋም ማርያም በዓል አደረሳችሁ።

ወርኃ ጽጌ አለቀ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የእመቤታችንን ስደት ስናስብ ከረምን። በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ማኅሌቱ ይቆማል፤ እሑድ ሲነጋ ያልቃል። ኅዳር 6 ደግሞ ጎንደር ነጠላውን ለብሶ እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሯት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ይወጣል። ዘንድሮም ወጣን። ተመስገን።

በዚህ ሰሞን ስልኬ ላይ ብዙ የድምፅ መልእክት ይገባል። ከቤሩት ነው፣ ከሪያድ ነው፣ ከዋሽንግተን ነው። የጎንደር ልጆች ናቸው። "መምህር፣ እስኪ ከበሮውን ያሰሙኝ" ይላሉ። "ሕዝቡ ብዙ ነው? ቁስቋም እንዴት ዋለች?" ይላሉ። ደስ እያለኝ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ግን አንድ ንግግር ይመጣል፤ እሱን ስሰማ ሆዴ ይባባል። "አገሬ ስገባ" የሚለው ነው። አገሬ ስገባ ንስሐ እገባለሁ። አገሬ ስገባ እቆርባለሁ። ከእህቴ ጋር የተኳረፍነውን አገሬ ስገባ እንታረቃለን። እዚህ ምን ጾም አለ መምህር፣ አገሬ ስገባ እጾማለሁ።

ናፍቆታቸውን አልነቅፍም። አገር መናፈቅ ኃጢአት አይደለም። እኔም ጎንደር የመጣሁት በልጅነቴ ነው፤ ከላይ ጋይንት ለምድ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቼ፣ በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም፣ የማኅሌቱን ሥርዓት፣ ልማር። "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልኩ በየደጁ ስዞር፣ እራፊ እንጀራ ይዤ ወደ ጎጆዬ ስመለስ፣ የእናቴ ቤት ጭስ በአፍንጫዬ ላይ ይመጣብኝ ነበር። ተምሬ ጨርሼ እዚሁ ቀረሁ። አሁንም ክረምት ሲገባ የነፋስ መውጫ ጉም ይናፍቀኛል። አንድ ቀን እገባለሁ ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከውጭ ሆኜ አይደለም የማወራው።

እስኪ የእመቤታችንን ጠባቂ ዮሴፍን እንየው። ይህን አረጋዊ በጣም ነው የምወደው። በአራቱም ወንጌል አንድ ቃል ሲናገር አልተጻፈለትም። ሲታዘዝ ብቻ ነው የምናየው። መልአኩ በሕልም መጥቶ "ተነሣ፥ ሕፃኑንና እናቱንም ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ፥ እስክነግርህም ድረስ በዚያ ተቀመጥ" አለው። ማቴዎስ ምዕራፍ 2፣ ቁጥር 13። በሌሊት ተነሥቶ ሄደ።

መልአኩ ያልነገረውን ነገር አስተውሉ። መቼ እንደሚመለስ አልነገረውም። አባቶቻችን ስደቱ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር እንደሆነ ያስተምሩናል። እኛ መጨረሻውን ስለምናውቅ ቀላል ይመስለናል። ዮሴፍ ግን ዘንድሮ ይሁን ለከርሞ አያውቅም። ጠዋት ሲነሣ አያውቅም፤ ማታ ሲተኛ አያውቅም። ሰው አገር ነው። እንግዳ ናቸው ብሎ ደጁን የዘጋባቸው አለ፣ ውኃ የነፈጋቸው አለ። ግን ሕፃኑ መብላት አለበት፣ እናቲቱ ማረፊያ ያስፈልጋታል። ዮሴፍ "ናዝሬት ስገባ አሳድገዋለሁ" አላለም። እዚያው፣ በግብፅ አሸዋ ላይ፣ አደራውን ጠበቀ።

የምታለቅሱ ልጆቼ፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምናገረው። ያን ጊዜ አምላክ የት ነበር? ቤተ መቅደሱ ኢየሩሳሌም ነው። ካህናቱ ኢየሩሳሌም ናቸው። መሥዋዕቱ እዚያ ነው። አምላክ ግን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በባዕድ አገር ይዞር ነበር። ስደተኛ ሆኖ ነበር። በሰው ቤት ስትሠሪ ውለሽ፣ ሌሊት በጠባብ ክፍልሽ ጋደም ስትዪ፣ "እግዚአብሔር ጎንደር ቀረ" አትበዪ። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት፣ መስቀል በአንገት ማድረግ በሚያስፈራበት አገር ያላችሁ አላችሁ። እሱ ያውቃል። ኖሮበታል። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በስልክሽ ከፍተሽ በልብሽ ብታነቢው ከቁስቋም ማኅሌት ያንሳል ብለሽ አታስቢ።

ቤተ ክርስቲያን አጠገባችሁ እያለ የምትዘገዩትን ግን እቆጣችኋለሁ። ቤሩት ቤተ ክርስቲያናችን አለች። ዋሽንግተንማ ስንት አለ! አባቶች አሉ። ቅዳሴ አለ። እሑድ ፈረቃ ትጨምራላችሁ፤ ገንዘቡ አዘዞ ላይ ቤት ያሠራል። ቤቱ ያማረ ፎቅ ሆነ፤ የሚኖርበት ግን ዘበኛው ነው። እናንተ እዚያ አንድ ክፍል ለአራት ትተኛላችሁ፣ ነፍሳችሁም ንስሐ እንደናፈቀች ዓመት ይጨመራል። ስንቱን "አገሬ ስገባ" ያለ ልጅ በአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በሣጥን ተቀብለናል። እናቱ ደረቷን እየደቃች። ያንን ፍትሐት የቆመ ካህን ይህን ነገር በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም።

ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ሲጽፍ "ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፥ አታክልትም ተክሉ ፍሬዋንም ብሉ" ነው ያላቸው። ሰባው ዓመት ሲፈጸም እንደሚመለሱም በዚያው ደብዳቤ ነግሯቸዋል። ተስፋው አለ፤ ኑሮውም አለ። ሁለቱን አላጣላቸውም።

ደግሞ የመመለሱን ነገር እንይ። "የሕፃኑን ነፍስ የፈለጉት ሞተዋልና" ተብሎ ተመለሰ ዮሴፍ። ግን ወዳሰበው አልገባም። በይሁዳ የሄሮድስ ልጅ አርኬላዎስ መንገሡን ሲሰማ ፈራ፤ በሕልም ተረድቶ ወደ ገሊላ ዞረ፤ ናዝሬት ኖረ። ተመልሳችሁ መጥታችሁ "ይቺ እኔ የማውቃት ጎንደር አይደለችም" ብላችሁ ያለቀሳችሁብኝ አላችሁ። የምታውቋቸው ጎረቤቶች ሞተዋል። ፒያሳ ላይ ስማችሁን ጠርቶ የሚያቆማችሁ የለም። አብሮ አደግ ሁሉ ተበትኗል። አይዟችሁ። ዮሴፍም የተመለሰው እግዚአብሔር ወዳዘጋጀለት ቦታ ነው። መንገዱ አላስኬድ ብሎ፣ ሰላም ጠፍቶ፣ እዚሁ አጠገባችን ያለ ቀያቸው መግባት ያቃታቸውም አሉ። እነሱን አምላከ ዮሴፍ ያስባቸው። በጸሎት አንርሳቸው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ፣ ጎንደር ወዳለነው። በጽጌው ስለ እመቤታችን ስደት የምናለቅስ ሰዎች ነን። ውኃ የነፈጓትን ሰዎች ስንሰማ ከንፈራችንን እንመጣለን። ቤታችን ውስጥስ ማን አለ? ከበለሳ፣ ከደምቢያ የመጣች ልጅ አለች። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ለበዓል ብላ እናቷ የሰጠቻትን ነጠላ አጥባ፣ አጣጥፋ ከፍራሿ ሥር አኑራዋለች። በዓል በመጣ ቁጥር "እንግዳ አለብን" ትባላለች። እመቤቲቱ ማኅሌት ትቆማለች፤ ልጅቷ ሊጥ ታቦካለች። ነጠላው ከፍራሹ ሥር እንደታጠፈ ጽጌው አለቀ። አገሯ ናፍቋት ማታ ስታለቅስ "ምን ሆንሽ ደግሞ አንቺ" ነው መልሱ። እህት ዓለም፣ ያንቺስ ልጅ ዱባይ አይደለችም? እንዲህ እንዳያደርጓት አይደል በየወሩ በ21 ስእለት የምትሳዪው?

በስልክ "አሁን አትምጪ፣ ትንሽ ቆይተሽ ሠርተሽ ነይ" የምትሉ ቤተሰቦችም ተዉ። ልጅቷ ደክሟታል። ድምፅዋን ስሙት እንጂ።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ውጭ ያላችሁ፣ ከዚያ በፊት አቅራቢያችሁ ያለ አባት ፈልጋችሁ ንስሐ ግቡ። ከእህትሽ ጋር ያለውን ነገር ዛሬ ማታ ደውለሽ ጨርሺው፤ ይቅርታ አውሮፕላን አይፈልግም። እዚህ ያላችሁ ደግሞ ኅዳር 12 ሚካኤል ነው። ልጅቷ ነጠላዋን ለብሳ ከማለዳው ቅዳሴ ትሂድ። አጣጣሚ ሚካኤልም ይሁን ፊት ሚካኤል፣ ወደቀረባት ደብር ትሂድ። የዚያን ቀን እንጀራ ባለቤቲቱ ትጋግር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።