ከኩሬ ዳር የሚቀመጥ የግንድ ክምር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአትክልት ቦታቸው ትንሽ ኩሬ ያበጁ ሰዎች ከጎኑ የግንድ ጉማጆችን እንዲከምሩ ሲመከሩ ብዙዎቹ ያመነታሉ። የሚያመነቱባቸው ምክንያቶች ግን አብዛኞቹ ሲመረመሩ አይጸኑም።

በሰፊው የሚነገረው «እንቁራሪት የውኃ እንስሳ ስለሆነች ኩሬው ይበቃታል» የሚለው ነው። እንቁራሪትና ጉርጥ እንቁላል የሚጥሉት በውኃ ውስጥ ቢሆንም፣ በተለይ ጉርጥ ከመራቢያ ወቅት ውጭ ያለውን ጊዜዋን በአብዛኛው የምታሳልፈው በየብስ ነው። የእንቁራሪት ቆዳ እርጥበትን በቀላሉ ስለሚያስወጣ፣ ፀሐይ ሲበረታ የምትጠለልበት ቀዝቃዛና እርጥብ ስፍራ ያስፈልጋታል። ጅራታቸው ጠፍቶ ከውኃው የሚወጡት የጥፍር ያህል ግልገሎች ደግሞ ከዳር ባዶ መሬት ብቻ ከጠበቃቸው ለድርቀትና ለአዳኝ ይጋለጣሉ፤ ስለዚህ ክምሩ የኩሬው ሌላው ግማሽ እንጂ ጌጥ አይደለም።

«የበሰበሰ እንጨት ቆሻሻ ነው» የሚለውም ስህተት ነው። የላላ ቅርፊት በቀስታ ገለጥ ቢደረግ ነጫጭ የፈንገስ ክሮች፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ እንጨትና የተጠቀለሉ የጥንዚዛ እጮች ሊታዩ ይችላሉ። ፈንገሱ እንጨቱን ያለሰልሳል፣ እጮቹ ይመገቡታል፣ እነሱን ፍለጋ ሸረሪቶችና ሌሎች አዳኞች ይመጣሉ። ከመሬት በታች በበሰበሰ እንጨት የሚያድጉ አንዳንድ ትልልቅ ጥንዚዛዎች በእጭነት ብቻ ከ3 እስከ 7 ዓመት ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ለንጽሕና ሲባል ክምሩን በየዓመቱ መለወጥ ገና ያልጎለመሰውን ትውልድ እንደ መጣል ይቆጠራል።

ማንኛውም እንጨት ያገለግላል ማለት ግን አይደለም። ቀለም የተቀባ ወይም በመከላከያ ኬሚካል የታከመ እንጨት ፈጽሞ ከኩሬ አጠገብ መቀመጥ የለበትም፤ በመከላከያዎቹ ውስጥ የሚገኘው መዳብ ለውኃ ውስጥ ሕይወት መርዛማ ነው። ተመራጩ ቅርፊቱ ያልተላጠ፣ ወፍራምና ጠንካራ ግንድ ነው። ከጫካ የወደቀ ግንድ ማምጣትም አይገባም፣ እዚያ የሌሎች ፍጥረታት ቤት ነውና።

ጉማጆቹን እንደ ማገዶ አጥብቆ መደርደርም ዓላማውን ያበላሻል። ትልልቆቹ በጥላ ስር በከፊል መሬት ውስጥ ተቀብረው፣ ሌሎቹ እንዳይንከባለሉ ተደላድለው፣ በመካከላቸው ክፍተት ሊተውና ጥቂቱ በደረቅ ቅጠል ሊሞላ ይገባል።

«ውኃው ውስጥ ቢከመር ይሻላል» የሚሉም አሉ። በትንሽ ኩሬ ብዙ እንጨትና ቅጠል ሲበሰብስ ኦክስጅንን ይጨርሳል፣ አልጌንም ያበዛል። ወደ ውኃው መግባት ያለበት ከዳር ወደ ውስጥ ያዘነበለ፣ የገባ እንስሳ ተንጠላጥሎ የሚወጣበት አንድ ቅርንጫፍ ነው።

የትንኝ ፍርሃት የሚነሣው ከውኃው እንጂ ከእንጨቱ አይደለም፤ ትንኝ እንቁላል የሚጥለው ውኃ ባለበት ስለሆነ፣ ዝናብ የሚያቁር ጎድጓዳ ግንድ ካለ መገልበጥ ይበቃል። የምስጥ ስጋት ግን ምስጥ ባለበት አካባቢ እውነተኛ ነው፣ ክምሩ ከቤት ግድግዳና ከእንጨት አጥር መራቅ አለበት። በሞተ እንጨት ላይ የሚበቅሉት አብዛኞቹ ፈንገሶች ጤነኛ ዛፍ አያጠቁም፤ የሚያጠቁ ጥቂቶች ስላሉ ግን በበሽታ ከሞተ ዛፍ ግንድ አለመውሰድ ይመረጣል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው፤ ክምሩ ሳይነካካ ይቆያል፣ የታችኞቹ ሲፈረፍሩና ሲሰምጡ አዲስ ጉማጅ ከላይ ይጨመርበታል።