የደመወዝ ጣሪያ ምንድን ነው? የሆኪ ዝውውር ወሬ የሚፈተንበት ሂሳብ

የእግር ኳስ ዝውውር ለሚከታተል ሰው የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። «60 ሚሊዮን ልክፈልህና ልጁን ስጠኝ» ብሎ ነገር የለም። ተጫዋች የሚለወጠው በሌላ ተጫዋች ወይም በድራፍት ተራ ነው፤ የድራፍት ተራ ማለት ክለቦች በየዓመቱ ወጣቶችን ሲከፋፈሉ ቀድሞ የመምረጥ መብት ነው። ተጫዋቹ ሲሄድ ውሉም አብሮት ይሄዳል። ተቀባዩ ክለብ ውሉን የሚያስገባበት ቦታ ከሌለው ባለቤቱ ቢሊየነር ቢሆንም ዝውውሩ አይጸድቅም። ያንን ቦታ የሚወስነው የደመወዝ ጣሪያ ነው።

የደመወዝ ጣሪያ አንድ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን ለተጫዋቾቹ በድምሩ ሊያስመዘግብ የሚችለው ከፍተኛ የደመወዝ መጠን ነው። እኛ አገር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተስማሙበት የ50,000 ብር ወርሃዊ ጣሪያ የተጣለው በእያንዳንዱ ተጫዋች ላይ ነበር። የኤንኤችኤሉ ግን የቡድኑን ጠቅላላ ድምር ይይዛል። ለአንድ ተጫዋችም ገደብ አለው፤ ማንም ከጣሪያው 20 በመቶ በላይ ሊከፈለው አይችልም።

ጣሪያው የመጣው በጠብ ነው። ባለቤቶችና ተጫዋቾች መስማማት አቅቷቸው የ2004–05 ዘመን (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ) አንድ ጨዋታ ሳይካሄድ ተሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት ሊጉ ሲከፈት ጣሪያው 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2025–26 ደርሶ 95.5 ሚሊዮን ሆኗል። ወለልም አለው፦ በዚሁ ዘመን ከ70.6 ሚሊዮን በታች መመዝገብ ክልክል ነው። ወለሉ ትንሽ ነገር ቢመስልም ደካማ ክለቦች የሌላውን ከባድ ውል የሚቀበሉበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። በ2016 ዲትሮይት ወደ ሩሲያ ሊመለስ የተነሣውን የፓቬል ዳትሱክን የ7.5 ሚሊዮን ውል ለአሪዞና ሲያሸክም፣ አሪዞና የማይጫወትለትን ሰው ተቀብሎ በድራፍቱ ከ20ኛ ወደ 16ኛ ተራ ከፍ አለ።

በጣሪያው ላይ የሚቆጠረው በዚያ ዓመት ተጫዋቹ ኪስ የሚገባው ገንዘብ አይደለም፤ የውሉ ጠቅላላ ዋጋ ለዓመታቱ ተካፍሎ የሚገኘው አማካይ ነው። ካፕ ሂት የሚሉት ይህንን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ፣ በመጨረሻው ጥቂት የሚከፍል ውል በየዓመቱ የሚቆጠረው በአንድ ዓይነት አማካይ ነው። የዝውውር ወሬ ስታነቡ በመጀመሪያ የምትፈልጉት ቁጥር ይህ ይሁን፤ ቀጥሎ የቀሩት ዓመታት። ስም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጣሪያው በየዓመቱ ያድጋል ብሎ መወራረድ ምን ያህል እንደሚጎዳ ቶሮንቶ ያውቀዋል። የከተማዋ ክለብ ሜፕል ሊፍስ ለአራት አጥቂዎች፣ ለማቲውስ 11.64፣ ለታቫሬስ 11፣ ለማርነር 10.9፣ ለኒላንደር ወደ 7 ሚሊዮን ሰጠ። ድምሩ 40.5 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ከዚያ ኮሮና መጣና ጣሪያው ከ2019–20 ጀምሮ ለሦስት ዘመን 81.5 ላይ ደረቀ። ስብስቡ 23 ሰው ነው፤ ግማሹን ገንዘብ አራት ሰው ከወሰደው ለበረኞች፣ ለተከላካዮችና ለሌሎቹ ሁሉ የቀረው ሌላው ግማሽ ብቻ ነው። ከወረርሽኙ በፊትም ገመዱ ጠብቆ ነበር፦ በ2019 ክረምት አንድ ዓመት የቀረውን የፓትሪክ ማርሎን የ6.25 ሚሊዮን ውል ካሮላይና እንዲወስድለት ቶሮንቶ የአንደኛ ዙር የድራፍት ተራውን መርቆ ሰጠ። ካሮላይና ማርሎን ወዲያው ለቀቀው፤ በተራው ግን በ2020 በ13ኛነት ሴት ጃርቪስን መረጠበት። ባዶ ቦታ ራሱ ሸቀጥ ነው፤ ያለው ይሸጠዋል።

ለወሬ ሁሉ ቁልፍ የሆነው ግን ደመወዝ ማስቀረት ነው። ተጫዋቹን የሚሰጠው ክለብ የካፕ ሂቱን እስከ 50 በመቶ በራሱ ላይ ማስቀረት ይችላል። ገደቦቹ ጥብቅ ናቸው፦ አንድ ክለብ በአንድ ጊዜ ከሦስት ውል በላይ ማስቀረት አይችልም፤ ያስቀረው ድምርም ከጣሪያው 15 በመቶ አይበልጥም። ያስቀረው ድርሻ ውሉ እስኪያልቅ ይከተለዋል። ስለዚህ «ግማሹን ይይዙለታል» የሚለው ወሬ ለመጨረሻ ዓመት ውል ያስኬዳል፤ አራት ዓመት ለቀረው ውል ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። በ2023 ሳን ሆዜ ኤሪክ ካርልሰንን ለፒትስበርግ ሲሰጥ ከ11.5 ሚሊዮኑ ያስቀረው 1.5 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ውሉ አራት ዓመት ይቀረው ነበርና።

በጥር 2025 የተደረገው የሚኮ ራንታነን ዝውውር ሂሳቡን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ኮሎራዶ 9.25 ሚሊዮን የሚቆጠርለትን ራንታነንን ሰጥቶ ከካሮላይና ማርቲን ኔቻስን (6.5) እና ጃክ ድሩሪን (1.725) ተቀበለ፤ ሁለት የድራፍት ተራም ተጨመረለት። ካሮላይና ደግሞ ከቺካጎ ቴይለር ሆልን (6) አብሮ ወሰደ። እንደዚያው ቢሆን ካሮላይና 15.25 አስገብቶ 8.225 ያስወጣ ነበር፤ 7 ሚሊዮን ገደማ ይጎድለዋል። መሀል የገባው ቺካጎ ነው፦ ሰፊ ቦታ ስለነበረው የራንታነንን ግማሽ፣ 4.625 ሚሊዮን፣ ተሸከመና ቀደም ሲል ለካሮላይና ሰጥቶት የነበረውን የሦስተኛ ዙር ተራ አስመለሰ። የካሮላይና ጭማሪ ወደ 2.4 ሚሊዮን ወረደ። ራንታነን ግን ከካሮላይና ጋር አዲስ ውል አልፈረመም። መጋቢት ላይ ወደ ዳላስ ተላለፈ፤ ዳላስ ወጣቱን ሎገን ስታንኮቨንን፣ ሁለት የአንደኛና ሁለት የሦስተኛ ዙር ተራ ከፈለ። የቺካጎ ግማሽ አሁንም ከተጫዋቹ ጋር ስለተጓዘ በዚያ ዘመን ዳላስ ላይ የተቆጠረው ግማሹ ብቻ ነው። ከቀጣዩ ዘመን የሚጀምረው የ8 ዓመት የ96 ሚሊዮን ውል ግን ሙሉ 12 ሚሊዮን ይቆጠራል። (ቴክሳስ የክፍለ ሀገር የገቢ ግብር የላትም። 12 ሚሊዮን ዳላስና 12 ሚሊዮን ቶሮንቶ ለጣሪያው አንድ ናቸው፤ ለተጫዋቹ ኪስ ግን አይደሉም።)

ድሮ ተጫዋቹን በሁለት ክለብ አሳልፎ ካፕ ሂቱን ወደ ሩብ ማውረድ የዝውውር መዝጊያው ቀን ዋና ብልሃት ነበር። ከ2025–26 ወዲህ በሁለቱ ማስቀረቶች መካከል የመደበኛው ዘመን 75 ቀናት ማለፍ ስላለባቸው በአንድ ቀን ሁለቴ ማስቀረት ቀርቷል።

ብዙዎች የሚስቱት ጣሪያው የሚሰላው በየቀኑ መሆኑን ነው። ዘመኑ 190 ቀን ነው እንበል። በጥቅምት 1 ሚሊዮን ቦታ ትቶ የጀመረ ክለብ 150 ቀን ሳይነካው ቢቆይ፣ በቀሩት 40 ቀናት በዓመት 4.75 ሚሊዮን የሚቆጠርለትን ሰው መጨመር ይችላል። 1 በ190 ተባዝቶ ለ40 ሲካፈል ማለት ነው። ሻጩ ግማሽ ካስቀረለት የ9.5 ሚሊዮን ኮከብ ይገባለታል። በመከር «ቦታ የለውም» የተባለ ቡድን በመጋቢት ገበያ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ፦ የረጅም ጊዜ ጉዳተኞች መዝገብ። ቢያንስ 10 ጨዋታና 24 ቀን የሚያመልጠው ተጫዋች እዚያ ሲገባ ካፕ ሂቱ ከሂሳብ አይወጣም፤ ክለቡ ጣሪያውን አልፎ ምትክ እንዲይዝ ይፈቀድለታል እንጂ። በመዝገቡ እየተጠቀሙ ደግሞ የቀን ቁጠባ የለም። ክፍተቱን በደንብ ያሳየው ታምፓ ቤይ ነው፦ በ2020–21 ኒኪታ ኩቸሮቭ (9.5 ሚሊዮን) በዳሌ ቀዶ ሕክምና መደበኛው ዘመን በሙሉ አመለጠው፤ በፕሌይኦፉ (ከመደበኛው ዘመን በኋላ የሊጉን ዋንጫ አሸናፊ የሚለየው የጥሎ ማለፍ ውድድር) መጀመሪያ ጨዋታ ተመልሶ ከሁሉ በላይ 32 ነጥብ (ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) አስመዘገበ፤ ታምፓም ከጣሪያው 18 ሚሊዮን ገደማ በልጦ የስታንሊን ዋንጫ አነሣ። ሕግ አልጣሰም፤ ጣሪያው ያኔ በፕሌይኦፍ አይሠራም ነበር። ከ2025–26 ጀምሮ በፕሌይኦፍም የሚሰለፉት 20 ተጫዋቾች ከጣሪያው በታች መሆን አለባቸው።

ውል ማፍረስስ? ባይአውት ይባላል፦ 26 ዓመት ለሞላው ተጫዋች የቀረው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛ ተከፍሎ በቀሩት ዓመታት እጥፍ ይዘረጋል። ሚኒሶታ በ2012 ለዛክ ፓሪዜና ለራያን ሱተር ለእያንዳንዳቸው 13 ዓመት በ98 ሚሊዮን ፈርሞ ነበር፤ ካፕ ሂቱ 7.54 ሚሊዮን። በ2021 ሁለቱንም ሲያሰናብት የቀራቸው ደመወዝ 6፣ 2፣ 1 እና 1 ሚሊዮን ብቻ ነበር፤ አብዛኛው ገንዘብ ቀድሞ ተከፍሏል። የ10 ሚሊዮኑ ሁለት ሦስተኛ ለ8 ዓመት ሲዘረጋ በዓመት 833,000 ይሆናል። ከካፕ ሂቱ የሚቀነሰው ክለቡ በዚያ ዓመት ያዳነው ደመወዝ ብቻ ነው፤ በ1 ሚሊዮኑ ዓመት ያዳነው 167,000 ዶላር ነው። ስለዚህ በ2023–24 እና በ2024–25 ሚኒሶታ ከቡድኑ በወጡ ሰዎች ምክንያት በየዓመቱ 14.7 ሚሊዮን ቦታ አጣ። በዚያ ጊዜ «ሚኒሶታ ትልቅ ኮከብ ሊያመጣ ነው» የሚል ወሬ ሁሉ ገና ከመነሻው ውድቅ ነበር።

ሂሳቡ ቢገጥም እንኳ አለመዛወር የሚል አንቀጽ በውሉ ያለው ተጫዋች እምቢ ማለት ይችላል፤ ከፊል መብት ብቻ ያላቸው ደግሞ የማይሄዱባቸውን ክለቦች ዝርዝር ያስገባሉ። ዝርዝሩ በይፋ አይወጣም፤ ወሬኞች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ገበያው እየተለወጠ ነው። ለ2026–27 የተተነበየው ጣሪያ 104 ሚሊዮን፣ ለቀጣዩ 113.5 ሚሊዮን ስለሆነ ቦታ የሚለምን ክለብ ቀንሷል፤ የማርሎ ዓይነት ልመናም ረክሷል። ደመወዝን በዶላር ሳይሆን በጣሪያው መቶኛ ማየት የሚጠቅመው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ኪሪል ካፕሪዞቭ በ2025 ከሚኒሶታ ጋር የፈረመው 17 ሚሊዮን ከ104ቱ 16.3 በመቶ ነው። ኮነር ማክዴቪድ በ2018–19 ከኤድመንተን ጋር 12.5 ሚሊዮን ሲጀምር ጣሪያው 79.5 ነበር፤ 15.7 በመቶ። በጥቅምት 2025 ለሁለት ተጨማሪ ዓመት በዚያው በ12.5 ሚሊዮን ሲፈርም ግን ድርሻው ወደ 12 በመቶ ወረደ። ኤድመንተን ያተረፈው 4 በመቶ ያህል፣ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር፣ የአንድ ጥሩ ተከላካይ ደመወዝ ነው።