«ክሊክ»፦ የወታደሮቹ ኪሎሜትር

አንድ የአሜሪካ ወታደር በሬዲዮ «ሦስት ክሊክ ወደ ሰሜን» ካለ፣ ሦስት ኪሎሜትር ማለቱ ነው። ቃሉ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው።

አሜሪካ ውስጥ መንገድ እስከ ዛሬ የሚለካው በማይል ነው። ታዲያ ወታደሩ ኪሎሜትርን ከየት አመጣው? ከካርታው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ የዘመተው የአሜሪካ ጦር የፈረንሳዮቹን ካርታና መድፍ ይዞ ስለተዋጋ በሜትር መሥራት ግድ ሆነበት። በ1949 ኔቶ ሲመሠረት ጉዳዩ ይበልጥ ጠነከረ። ጎን ለጎን ከተሰለፉ ጦሮች አንዱ በያርድ፣ ሌላው በሜትር ካወራ መድፉ ወገን ላይ ሊያርፍ ይችላል። በእነዚህ ካርታዎች ላይ መሬቱ ጎናቸው አንድ ኪሎሜትር በሆነ ካሬዎች ይከፈላል። በ1፡50,000 ካርታ የካሬው ጎን 2 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ካሬ የቆጠረ ሁሉ ኪሎሜትር ቆጠረ ማለት ነው።

ስለ ቃሉ አመጣጥ ብዙ ይወራል። በጣም የተወደደው የአውስትራሊያ እግረኞች ታሪክ ነው። ርቀት ለመለካት እርምጃ የሚቆጥረው ወታደር በየ100 ሜትሩ የጠመንጃውን የጋዝ መቆጣጠሪያ አንድ ነጥብ ያዞራል፤ አሥር ሲሞላ ወደ ቦታው ሲመልሰው «ክሊክ» የሚል ድምፅ ይሰማል ይባላል። ታሪኩ ያምራል፣ እኔን ግን አላሳመነኝም። ያ መቆጣጠሪያ ጠመንጃው በትክክል እንዲተኩስ የሚያደርግ ክፍል ነው። ጠላት ባለበት ጫካ እንደ መቁጠሪያ የሚነካካው ወታደር መሣሪያው በክፉ ሰዓት ሊነክስበት ይችላል። ሌሎች ደግሞ ቃሉን ከማነጣጠሪያው ማስተካከያ ድምፅ ጋር ያያይዙታል። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ቀላሉ መልስ ነው፦ «ኪሎሜትር» በሬዲዮ ሲነገር ረጅም ነው፣ ወታደር ደግሞ ማሳጠር ይወዳል። በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ በ«ኬ» ፊደል ተጀምሮ መጻፉም ወደዚሁ ይጠቁማል።

እርምጃ መቁጠሩ ራሱ ግን እውነተኛ የወታደር ሥራ ነው። ለዚህ የተዘጋጀ ገመድ አለ፤ ከታች 9፣ ከላይ 4 ዶቃዎች ይኖሩታል። በየ100 ሜትሩ አንድ የታች ዶቃ ይወርዳል። ኪሎሜትሩ ሲሞላ ከላይ አንድ ይወርድና የታቹ እንደገና ይጀመራል። ነገሩ ጥንታዊ ነው፤ የሮማውያን ማይልም አንድ ሺህ ድርብ እርምጃ ነበር።

ዛሬ ቃሉ ከጦር ሠፈር ወጥቷል። በ1970ዎቹ ከማይል ወደ ኪሎሜትር በተሻገረችው ካናዳ፣ ሲቪል ሹፌሮችም ርቀትንና ፍጥነትን በክሊክ ይናገራሉ።