ወታደራዊ ታሪክን በትርፍ ጊዜ ማንበብ

ወታደራዊ ታሪክ ለማንበብ ወታደር መሆን ወይም ታሪክ መማር አያስፈልግም። ከሥራ ሰዓት ውጪ ለራሱ ደስታ የሚያነበው ሰው ብዙ ነው። የመግቢያው በርም አንድ አይደለም። አንዱ በጦር መሪ የሕይወት ታሪክ ይጀምራል፤ ሌላው በመርከብና በአውሮፕላን፤ ሌላው ደግሞ አያቱ በዘመቱበት ጦርነት።

ጀማሪን ቶሎ የሚያሰለቸው ሰፊውን ርዕስ መምረጡ ነው። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በአንድ ጥራዝ ልጨርስ ያለ ሰው፣ ገና ከጅምሩ በጄኔራሎች ስምና በክፍለ ጦር ቁጥር ይዋጣል። የሚሻለው አንድ ውጊያ መርጦ እሱኑ ከተለያየ ጸሐፊ ደጋግሞ ማንበብ ነው። ናፖሊዮን የተሸነፈበት የዋተርሉ ውጊያ ለዚህ ይመቻል። ውጊያው እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1815 ተጀምሮ በዚያው ዕለት አለቀ። ሜዳው ጠባብ ነው። ከእንግሊዝም፣ ከፈረንሳይም፣ ከፕሩሲያም ወገን ያዩትን የጻፉ ሰዎች ሞልተዋል።

ካርታ ሳይዙ የውጊያ ታሪክ ማንበብ ግን ልፋት ነው። ዓድዋን እንይ። ለየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አጥቢያ የጣሊያን ብርጌዶች በጨለማ ሲጓዙ፣ የጄኔራል አልቤርቶኒ ንድፍ ካርታ አንዱን ኮረብታ «ኪዳነ ምሕረት» ይለው ነበር። መንገድ መሪዎቹ ግን እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት እንደሆነ ነገሩት። እሱም ወደዚያው ገሰገሰ። ሲነጋ ከሌሎቹ ብርጌዶች ብዙ ርቆ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተፋጠጠ። ጽሑፉን ብቻ ያነበበ ሰው «ተሳሳተ» ብሎ ያልፋል። ካርታ ዘርግቶ በመሃል ያሉትን ተራሮች ያየ ግን ሌሎቹ ለምን ሊደርሱለት እንዳልቻሉ ወዲያው ይገባዋል።

ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ብርጌድ፣ ክፍለ ጦር የሚሉት የጦር አደረጃጀት እርከኖች በንባብ ብዛት ይለመዳሉ። ቁጥር ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በሶም ውጊያ የመጀመሪያ ቀን የእንግሊዝ ጦር 57,470 ሰው አጣ። ብዙ ሰው ይህን የሟች ቁጥር አድርጎ ያወራል። የሞቱት 19,240 ናቸው፤ የቀሩት ቁስለኞች፣ የጠፉና የተማረኩ ናቸው።

ጀማሪ አንባቢ ዘሎት የሚያልፈው ምዕራፍ የስንቅና ትጥቅ ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሻርል ሚናር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1869 የናፖሊዮንን የ1812 የሩሲያ ዘመቻ በአንድ ሥዕል አሳይቷል። የመስመሩ ውፍረት የሰዉን ብዛት ያመለክታል። የኒየመንን ወንዝ ተሻግሮ ሩሲያ ሲገባ 422,000፣ ሞስኮ ሲደርስ 100,000፣ ተመልሶ ሲወጣ 10,000። ጦሩን የጨረሰው የሩሲያ ብርድ ነው ሲባል ለሰማ ሰው ይህ ሥዕል አስደንጋጭ ነው። የተወሰነው ኃይል በየመንገዱ ተመድቦ የቀረ ቢሆንም፣ መስመሩ ክፉኛ የሳሳው ገና በሄደበት፣ በበጋው ነው። ረሃብ፣ በሽታና መክዳት ከመድፍ በላይ ሠርተዋል።

ሌላው ጉዳይ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። የጄኔራሎች ማስታወሻ ይጥማል፤ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነዋ የሚናገረው። ግን ራስን መከላከያም ነው። ፍራንዝ ሃልደር እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1942 የጀርመን ምድር ጦር ኤታማዦር ሹም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአሜሪካ ጦር የታሪክ ክፍል ለዓመታት ሠርቷል። እሱና ጓደኞቹ ጥፋቱን በአብዛኛው በሂትለር ላይ ደፈደፉት። ምዕራባውያን ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት ስለተዋጉበት ስለ ምሥራቁ ግንባር ለረጅም ጊዜ የጻፉት በዚህ ተረክ ላይ ተመርኩዘው ነው። የሶቪየት ወገንም የራሱ ችግር ነበረበት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1943 ሩሲያ ውስጥ በፕሮኮሮቭካ በተደረገው የታንክ ውጊያ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጀርመን ታንኮች ወደሙ ሲባል ኖሮ፣ የጀርመን መዛግብት ሲመረመሩ ኪሳራው ከዚያ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የሶቪየት ኪሳራ ነው የከፋው።

ለዚህ ነው የመጽሐፉን የኅትመት ዓመት ማየት የሚበጀው። ስለ ምሥራቁ ግንባር የተጻፈው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ በፊት ከሆነ፣ ደራሲው ብዙዎቹን የሶቪየት መዛግብት ማየት አልቻለም። ያም ቢሆን መነበብ አለበት፤ አጠገቡ አዲሱን ይዞ።