ኤስጂኤልቲ፦ ስኳር አሻጋሪዎቹ ፕሮቲኖችና እነሱን የሚዘጉት የስኳር በሽታ መድኃኒቶች

ዳፓግሊፍሎዚን፣ ኢምፓግሊፍሎዚን፣ ካናግሊፍሎዚን ምናምን የሚባሉትን መድኃኒቶች ስም የሰማ ብዙ ነው፣ ከየት እንደመጡ ግን በአማርኛ ደህና ነገር ማግኘት ስለሚያስቸግር እስቲ ያለኝን ልሰብስበው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

መነሻው ኮትራንስፖርተር ነው፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይዞ የሴል ሽፋን የሚያሻግር ፕሮቲን ማለት ነው። ሴሎቻችን ሶዲየምን ሁልጊዜ ወደ ውጭ ያስወጣሉ (ፓምፑን ዴንማርካዊው የንስ ስኮው በ1957 ነው ያገኘው፣ ኖቤሉ በ1997 መጣለት)፣ ስለዚህ ሶዲየሙ ውጭ ይበዛና ተመልሶ ለመግባት ይገፋል። ኤስጂኤልቲዎቹ ይሄንን ግፊት ተጠቅመው ግሉኮስን አብረው ያስገባሉ፣ ግሉኮሱ በሶዲየም ሒሳብ ታክሲ ተሳፈረ በሉት። ኤስጂኤልቲ 1 ዋና ቦታው ትንሹ አንጀት ነው፣ ለአንድ ግሉኮስ ሁለት ሶዲየም ይፈልጋል። ኤስጂኤልቲ 2 ኩላሊት ውስጥ ሆኖ አንድ ለአንድ ይሠራል። ኩላሊት በቀን ወደ 180 ግራም ግሉኮስ ያጣራል፣ ጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም 90 በመቶ የሚሆነውን ኤስጂኤልቲ 2፣ የተረፈውን ኤስጂኤልቲ 1 ለቅሞ ወደ ደም ይመልሰዋል።

የሚገርመው ኤስጂኤልቲን የሚዘጋው ነገር የታወቀው ከፕሮቲኑ ከራሱ በፊት ነው። በ1835 ከፖም ዛፍ ቅርፊት ፍሎሪዚን የሚባል መራራ ነገር ወጣ፣ በ1886 ጀርመናዊው ፎን ሜሪንግ ፍሎሪዚን የሚወስድ ሽንቱ ስኳር እንደሚሆን አሳየ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ፍሎሪዚን የላቦራቶሪ መሣሪያ ሆኖ ቆየ።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ነሐሴ 1960 ፕራግ ላይ ነው። አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ሮበርት ክሬን በአንድ ስብሰባ ላይ ግሉኮስ አንጀት ውስጥ የሚገባው ከሶዲየም ጋር ተጣምሮ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ፣ ሁለት ነገር ተጣምሮ ሽፋን ያልፋል ብሎ በግልጽ ያስቀመጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም ፕሮቲኑን ራሱን ለመያዝ 27 ዓመት ፈጀ። ያ ሥራ የተሠራው እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ፣ የኧርነስት ራይት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው (ሠፈሬ ስለሆነ አይደለም የማሞግሰው፣ ሥራው ራሱ ያስመሰግናል)። በጊዜው የፕሮቲኑን ቅደም ተከተል (የተሠራባቸው አሚኖ አሲዶች የተደረደሩበትን) የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ጂኑን በተለመደው መንገድ ማደን አይቻልም ነበር፣ እነሱ ታዲያ ከጥንቸል አንጀት ኤምአርኤንኤ (ሴሉ ፕሮቲን የሚሠራበት የጂን ቅጂ) አውጥተው የአፍሪካ እንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ወጉት፣ እንቁላሉ ስኳር መሳብ ሲጀምር፣ ፍሎሪዚን ሲጨመርበት ደግሞ ሲያቆም፣ የፈለጉት ነገር እዚያ ውስጥ እንዳለ አወቁ፣ ከዚያ እየከፋፈሉ እያጠበቡ አንዱ ጂን ላይ ደረሱ። በ1987 ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ታተመ። ሽፋን ላይ ተቀምጦ የሚያጓጉዝን ፕሮቲን ምንም ቅደም ተከተል ሳይታወቅ በሥራው ብቻ አድኖ መያዝ ቀላል ነገር አይደለም። የሰው ኤስጂኤልቲ 1 በ1989 ተከተለ። በ1991 ደግሞ እዚያው ጂን ላይ አንዲት ለውጥ ስትኖር ሕፃን የእናት ጡት እንኳን የማይስማማው፣ ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣ የውርስ በሽታ እንደሚከተል ታየ። ኤስጂኤልቲ 2 ሲበላሽ ግን ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ስኳር ይሸናል እንጂ ብዙም አይታመም፣ ይሄ ለመድኃኒት ሰሪዎች ትልቅ ፍንጭ ነበር።

ኦአርኤስም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ጨውና ስኳር በውሃ የተበጠበጠው ለተቅማጥ የሚሠራው ኤስጂኤልቲ 1 ሶዲየሙን ከግሉኮሱ ጋር ሲያስገባ ውሃም አብሮ ስለሚገባ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመርም ከ2002 ጀምሮ ሁለቱን በሊትር እኩል 75 ሚሊሞል (የመጠን መለኪያ ነው) አድርጓቸዋል። በ1971 ህንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ የባንግላዴሽ ስደተኞች መካከል በኮሌራ የሚሞተውን ከ30 በመቶ ገደማ ከ4 በታች ያወረደው በዚህ ነው። ሐኪሞቹ ከክሬን ሐሳብ ተነሱ ወይስ በራሳቸው መንገድ ደረሱበት የሚለው ሊያከራክር ይችላል፣ ለምን እንደሚሠራ ያስረዳው ግን የክሬን ሰፈር ነው።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ ፍሎሪዚን ራሱ ክኒን አይሆንም፣ አንጀት ውስጥ ይፈርሳል፣ ኤስጂኤልቲ 1ንም ስለሚዘጋ ተቅማጥ ያመጣል። ሆኖም በ1987 ዴፍሮንዞና ባልደረቦቹ ስኳር ያለባቸው አይጦች ላይ ሰጥተውት ኢንሱሊን የመቀበል አቅማቸው ተመለሰ። የጃፓኑ የመድኃኒት ኩባንያ የታናቤ ሰዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ቲ-1095 የሚባል ከፍሎሪዚን የተወለደ መድኃኒት ሞከሩ፣ ከዚያ ኤስጂኤልቲ 2ን መርጠው የሚዘጉት መጡ። ዳፓግሊፍሎዚን አውሮፓ በ2012 ሲፈቀድ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በካንሰር ስጋት መልሶት ነበር፣ 2014 ላይ ፈቀደው፣ ስጋቱም በኋላ በትልቅ ጥናት አልተረጋገጠም። በአሜሪካ ቀድሞ የወጣው ካናግሊፍሎዚን ነው፣ 2013።

ትልቁ ዜና የመጣው ሳይፈለግ ነው። ኤፍዲኤ ከ2008 ጀምሮ የስኳር መድኃኒት ልብ እንደማይጎዳ አሳዩ ስላለ ኢምፓግሊፍሎዚን ከ7000 በላይ ሰዎች ላይ ተጠና፣ በ2015 ውጤቱ ሲወጣ በልብና በደም ሥር ችግር መሞት በ38 በመቶ ቀንሷል። በ2019 ዳፓግሊፍሎዚን የልብ ድካም ላይ ተሞከረ፣ ከግማሽ በላዩ ታማሚ ስኳር የሌለበት ሆኖ ሳለ ጠቀመ፣ የኩላሊት ጥናቶቹም በዚያው ዓመትና በ2020 ተከታተሉ። 2021 ላይ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገቡ። ለምን ልብን ይጠቅማሉ ለሚለው ግን አንዱ ኪቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣው ነዳጅ) ነው ይላል፣ ሌላው ፈሳሽ መቀነሱ ነው ይላል፣ ኩላሊት ውስጥ ያለው ግፊት መርገቡ ነው የሚሉም አሉ። ለኩላሊቱ የመጨረሻው ያሳምናል፣ የልቡ ገና ነው።

(ሽንት የሚያበዛው ላሲክስም እኮ ኮትራንስፖርተር ዘጊ ነው፣ የሶዲየም፣ የፖታሲየምና የክሎራይዱን። ከነዚህ በፊት ለአሥርት ዓመታት ሲዋጥ ኖሯል፣ ማንም አላወራለትም።)

ጉዳቱን በተመለከተ፣ የብልት ፈንገስ የተለመደ ነው። የካናግሊፍሎዚን የእግር መቆረጥ ማስጠንቀቂያ በ2017 በጥቁር ሳጥን (የኤፍዲኤ ከባዱ ማስጠንቀቂያ) ወጥቶ በ2020 ከሳጥኑ ወርዷል። በጣም የሚያስፈራው ኪቶአሲዶሲስ ነው፣ ኪቶን በዝቶ ደም አሲድ የሚሆንበት አደገኛ ሁኔታ፣ ስኳሩ ብዙም ሳይጨምር ሊመጣ ስለሚችል ይደበቃል፣ የሚጾም ሰው፣ የሚያስመልሰው ወይም ኦፕራሲዮን ያለበት ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ዝም ብሎ መዋጡን መቀጠል የለበትም፣ ኦፕራሲዮን ከሆነ ብዙዎቹ ከሦስት ቀን በፊት ይቆማሉ። ሌላው፣ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ሽንቱ ሁልጊዜ ስኳር ያሳያል፣ በሽንት ምርመራ ብቻ ስኳርህ ከቁጥጥር ውጭ ነው ማለት አይቻልም፣ የጣት ደም ወይም ኤችቢኤዋንሲ (የሁለት ሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ) ነው መታየት ያለበት።