«እባብ ያየ በልጥ በረየ»፦ ስለ ልጡም ስለ እባቡም

ሰሞኑን ስለ ሃይማኖትና ስለ አእምሮ በተነሳ ጨዋታ መሀል አንድ ወጣት፣ «ሃይማኖት ማለት በአጭሩ እባብ ያየ በሊጥ በረየ ነው፤ ሳይንሱ ጨርሶታል» ብሎ ወንበሩን ደገፍ አለ። ሁለት ነገር አንገበገበኝ። አንደኛው ሊጡ ነው። ልጥ እንጂ ሊጥ አይደለም፤ ቡሃቃ ውስጥ የተቀመጠ ሊጥ ማንንም አስደንብሮ አያውቅም። ሁለተኛው ይብሳል፦ ተረቱን ለስድብ አዋለው።

ልጥ ያላየ ትውልድ መጥቷልና ከልጡ ልጀምር። ዛፉ ውሃ በያዘበት ወራት ቅርፊቱ ከግንዱ በቀላሉ ይላቀቃል። ከሥሩ በመጥረቢያ አፍ ቆንጠር ይደረግና ጫፉ ተይዞ ወደ ላይ ይሳባል። እጁ የለመደ ሰው ከሆነ ከቁመቱ በላይ ሳይበጠስ ይልጠዋል። የውስጡ ጎን ነጭና ሙልጭልጭ ነው፤ የውጭው ሻካራ፣ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር። ደረቅ ልጥ ሲያጥፉት ስለሚሰበር ተጠቅልሎ ወንዝ ዳር ይዘፈዘፋል። ርጥቡን ማገር ያስሩበታል፤ ሲደርቅ እንደ ጅማት ጨምድዶ ይይዛል። ሚስማር ያልነካው ቤት ዕድሜ ልኩን ቆሞ የሚኖረው በዚህ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ ከጭድ ክምር ሥር እባብ ሲወጣ ባየሁ በሳምንቱ፣ አጎቴ የተዘፈዘፈውን ልጥ እንዳመጣ ላከኝ። ጊዜው አመሻሽ ነው። አንዱ ልጥ ከጥቅሉ ተፈትቶ ውሃው ላይ ይጥመለመላል። እኔ ምንነቱን ሳልወስን እግሬ ወስኖ ነበር። ቤት ስደርስ ልጥም የለ፣ ጫማም የለ። አጎቴ ግን አልሳቀብኝም። ከአጥሩ አንድ በትር መዞ አብሮኝ ወረደና፣ ልጡን በእጁ ከማንሳቱ በፊት በበትሩ ጫፍ ነካ አደረገው። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም። አሁን ሳስበው እሱም እባብ ያየ ሰው ኖሯል።

ስለ አነጋገሩ አመጣጥ የራሴ ግምት አለኝ፤ አጥብቄ እይዘዋለሁ። «በረየ» ደነበረ ማለት ነው፤ መደንበር ደግሞ አስቀድሞ የከብት ጠባይ ነው። እህል በከብት ሲወቃ «ማበራየት» እንላለን። እኔ ቃሉ ውስጥ በሬው ይሰማኛል። የመጀመሪያው በራዪ ሰው ሳይሆን፣ መንገድ ላይ ከወደቀ ልጥ ሸሽቶ ቀንበር የሰበረ በሬ መሆን አለበት። ጎረቤቶቹ ስቀው ሲያበቁ ባለቤቱ፣ «ባለፈው እባብ አይቶ እኮ ነው» ብሎ ተከራከረለት። ስለዚህ አነጋገሩ ከመጀመሪያውም የጠበቃ ቃል እንጂ የከሳሽ አይደለም።

ታዲያ እግሬ ለምን ቀደመኝ? አሜሪካዊው የአንጎል ተመራማሪ ጆሴፍ ለዱ በአይጦች ላይ ካደረገው ጥናት ተነስቶ የአደጋ ምልክት አንጎል ውስጥ የሚጓዝባቸው ሁለት መንገዶች እንዳሉ ገልጿል። አንዱ አቋራጭ ነው፦ የስሜት ሕዋሳትን መልእክት ከሚቀበለው የአንጎል ክፍል፣ ከታላመስ፣ በቀጥታ ለአደጋ ምላሽ ወደሚሰጠው ወደ አሚግዳላ። ፈጣን ነው፣ ግን ድፍን ያለ ነገር ብቻ ያደርሳል። ሌላው ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ የአንጎል ውጫዊ ሽፋን በሆነው በኮርቴክስ በኩል አልፎ፣ አጣርቶ፣ ዘግይቶ ይደርሳል። የሚያስቀኝ፣ ኮርቴክስ በላቲን የዛፍ ቅርፊት ማለት መሆኑ ነው። ልጡን «ልጥ ነህ» ብሎ የሚያሰናብተው ቅርፊቱ ነው ማለት ነው!

«ያየ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ጦጣዎቹ ይመሰክሩላታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሱዛን ሚኔካ እና ማይክል ኩክ በቤተ ሙከራ ያደጉ፣ እባብ የማይፈሩ ጦጣዎችን ወሰዱ። ሌላ ጦጣ ከእባብ ስትሸሽ በቪዲዮ ሲያሳዩዋቸው እነሱም መፍራት ጀመሩ። ቪዲዮው ተቀነባብሮ ጦጣዋ አበባ የፈራች ሲያስመስሏት ግን አበባ መፍራትን አልተማሩም። ይህ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ነው። ፍርሃቱ ትምህርት ይሻል፤ ትምህርቱ ግን የሚበቅለው የተዘጋጀ መሬት ላይ ነው። ተረታችን የመሬቱን ነገር አላነሳም፤ ትምህርቱን ግን «ያየ» ብሎ በአንዲት ቃል ጨርሶታል።

ሃይማኖት እዚህ ውስጥ የገባው በአንትሮፖሎጂስቱ ስቱዋርት ገትሪ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980፣ በኋላም በ1993 በሰፊው እንደጻፈው፣ ልጥን እባብ ማለት የሚያስከፍለው አንድ ዝላይ ነው፤ እባብን ልጥ ማለት ግን ነፍስ ያስከፍላል። (ልጡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ነገሩ ግን የእሱ ነው።) ስለዚህ አእምሯችን ኮሽታ ሲሰማ «ነፋስ ነው» ከማለቱ በፊት «ማነው?» ይላል፤ ደመና ላይም ፊት ያያል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጀስቲን ባሬት እ.ኤ.አ. በ2000 ይህንን ዝንባሌ «ሆን ብሎ የሚያደርግ አካልን ለማየት የቸኮለ መሣሪያ» ብሎ ሰየመው፤ መናፍስትንና አማልክትን ማሰብ ለሰው ልጅ የሚቀልለውም በከፊል በዚህ ነው አለ። ከዚያ ሁሉ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሃይደርና ሲመል ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾችና አንዲት ክብ የሚንቀሳቀሱበትን አጭር ፊልም ለ34 ሰዎች አሳይተው «ምን አያችሁ?» ሲሏቸው፣ ቅርጾች ሲንቀሳቀሱ አየሁ ያለው አንድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ጉልበተኛ፣ ተባራሪ፣ ጠብ አይተዋል።

ወጣቱ ወዳጄ ይህንን ሰምቶ ነው «ተጨርሷል» ያለው። ባሬት ግን ራሱ ክርስቲያን ነው፤ ሐሳቡ እምነቱን አላስጣለውም። መደንበሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ሌላ፣ ሣሩ ውስጥ እባብ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ሌላ። ደግሞም ቶሎ «ማነው?» የሚል ሰው ይበልጥ አማኝ መሆኑን ሊያረጋግጡ የሞከሩ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ወጣቱ ከአሚግዳላው ፈጥኖ ነው የፈረደው፤ በትሩን አላነሳም።

አሁን አሁን በየስብሰባውም አንድ ሰው ጥንቃቄ ባነሳ ቁጥር ይህንኑ ተረት አንስተው አፉን ያስዘጉታል። ፈሪ መስደብ ያማረው «ፈሪ ለእናቱ» ይበል፤ ለዚያ የተሠራ ነው። ይሄኛውን የሚናገር ግን «ያየ» ላይ ድምፁን ጫን ያድርግልኝ፣ ሊጡንም ወደ ቡሃቃው ይመልስልኝ።